የጥሩሰው ክርን

ጥሩሰው ሀንዲሶ በአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ለዐሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ታይፒስት ነበር። የግል ማኅደሩ ሠላሳ ሰባት ገጽ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ፣ የፈቃድ መጠየቂያዎች፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ፣ አንድ የምስጋና ወረቀት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጥር 1981 ዓ.ም. መሞቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አለበት። መዝገብ ቤት የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም ቁጥር ሰጥቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ማኅደሩ ስሕተት የለበትም። ሰውየው ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ቴኒስ ይጫወት እንደነበር አንድም ገጽ ላይ አልተጻፈም። ስለ ክርኑ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሠራተኛው በቀኝ እጁ ሕመም የተነሣ የመጻፍ ፍጥነቱ ስለቀነሰ፣ በሁለት ወር ውስጥ ካልተሻሻለ ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወር።» ይህንንም መስመር በመኪና የመታው ራሱ ጥሩሰው ነው፤ አለቃችን አጠገቡ ቆሞ ቃል በቃል እየነገረው፣ በታመመው እጁ። አንድም ፊደል አልሳተም።

የጎደለውን እዚህ እጽፋለሁ። በዓይኔ ያላየሁትን ከራሱና ከእኅቱ ከጣቢታ ሰምቻለሁ፤ ቀኖቹንም አመሳክሬያለሁ።

የሆመቾ ገበሬ ልጅ ነው። ሆሳዕና ዳር በነበረው የሚሲዮን ግቢ ተማረ፤ እዚያው የጽሕፈት መኪና ለመደ፤ እዚያው ቢሮ ተቀጠረ። በግቢው ውስጥ ቀይ አፈር ተደልድሎ የተሠራ የቴኒስ ሜዳ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረንጆቹ ሁለት ለሁለት ሆነው ሲጫወቱ አንዳንዴ አራተኛ ሰው ይጎድላቸዋል፤ ያን ጊዜ ታይፒስቱን ይጠሩታል። ጨዋታውን የለመደው በዚህ ዓይነት፣ የሌላ ሰው ቦታ እየሞላ ነው። በ1969 ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ አንድ የብረትና አንድ የእንጨት ራኬት፣ ከአንድ ካርቶን ኳስ ጋር ትተውለት ሄዱ። ግቢው የመንግሥት ሆነ። ከሜዳው አጠገብ የማዳበሪያ መጋዘን ተሠራ፤ ሜዳው ለምንም ስላልተፈለገ እንዳለ ቀረ።

በዚያው ዓመት ሚስቱ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም። ቆይቶ ደግሞ እሑድ እሑድ ይዘምርበት የነበረው ጸሎት ቤት ታሸገ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ የሚሄድበት ቤት፣ ሲዘገይ የት ነበርክ የሚለው ሰው አልነበረውም። ከመጋዘኑ የሲሚንቶ ግድግዳ ጋር መጫወት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። «ግድግዳ ጥሩ ነው» ይል ነበር፤ «አይደክምም፤ አይዛወርም።»

በ1972 ገብረክርስቶስ የሚባል የመንገድ ቀያሽ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። ረጅም፣ ራሰ በራ፣ አፈኛ ሰው ነበር። አንድ ረቡዕ በመንገድ ሲያልፍ የኳስ ድምፅ ሰምቶ ወደ ግቢው ገባ።

«አንተ፣ ያ ግድግዳ ምን በድሎህ ነው?» አለው።

ጥሩሰው ራኬቱን ዝቅ አደረገ። «ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።»

«አሁን አለ። ያኛውን ራኬት ስጠኝ። ስሸነፍ የማኮርፍ ሰው መሆኔን ግን ከወዲሁ እወቀው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ረቡዕና ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይገናኙ ነበር። ገብረክርስቶስ በቀጣዩ ክረምት የራሱን ራኬት ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። የተከራየሁት ቤት ከግቢው አጥር ጀርባ ስለነበር ጭቅጭቃቸው እስከ ጓዳዬ ይሰማ ነበር።

«ውጭ ነው!»

«መስመሩን ነክቷል እንጂ!»

«የቱን መስመር? መስመሩን ዝናብ ከወሰደው ስንት ጊዜው!»

«እኔ ቀያሽ ነኝ፤ መስመሩ የት እንደነበር አውቃለሁ። ይልቅ አንተ መልስ፣ ጓድ ታይፒስት!»

ጥሩሰው ይስቅ ነበር። ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

በመስከረም 1976 የብረቱ ራኬት ክር ተበጠሰ። የራኬት ክር ከየት ይመጣል? ጥሩሰው ከአዋሳ በሚመላለስ ሹፌር በኩል ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስመጣና፣ ገበያው ጫፍ ጠፍር አልጋ ወደሚሠራው ወደ ኑሪ ወሰደው። ኑሪ እስከ ጃጁራ ድረስ ስሙ የታወቀ ሰው ነው። እሱ የጠፈረው አልጋ በጣት ሲመቱት ይጮኻል፤ ልጁን የሚድር ሁሉ አልጋ የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው።

«ይቺ ደግሞ የማን አልጋ ናት?» አለ ኑሪ ራኬቱን እያገላበጠ።

«ኳስ መምቻ ናት። በደንብ አድርገህ ወጥርልኝ።»

«በደንብ ወጥር ተብሎ ለኑሪ ይነገራል? ወላሂ፣ ድንጋይ ብትጥልባት የሚሰበረው ድንጋዩ ነው!»

እንደ አልጋው በሽብልቅ እየሳበ፣ እያንዳንዱን ክር በእግሩ እየረገጠ ወጠረው። ሲጨርስ በጥፍሩ መታት፤ ጮኸች። ሁለቱም ደስ አላቸው። በዚህ አገር ልል ነገር ሁሉ ነውር ነው፤ የላላ አልጋ፣ የላላ ጭነት፣ የላላ መቀነት። ራኬት ሊላላ እንደሚገባው ለጥሩሰው ማን ይንገረው? የእጀታው ቆዳም በስብሶ ስለነበር ልጦ ጣለውና፣ ጠበቅ አድርጎ ለመያዝ እንዲመቸው ብሎ ከቆዳው ሥር ያለውን የእጀታውን እንጨት በመስተዋት ስባሪ ፋቀው። እጀታው ሲቀጥን ጣቶቹ መዳፉን እስኪወጉ ድረስ መጨበጥ ግድ ሆነበት። ኳሶቹም ሰባት ዓመት ያገለገሉ፣ ፀጉራቸው ያለቀ፣ አየራቸው የወጣ ስለሆኑ ካልተደበደቡ አይሄዱም ነበር። በግራው በኩል የሚመጣበትን ኳስ ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ፣ ክርኑን አስቀድሞ፣ በእጁ አንጓ ብቻ ይገርፈው ነበር።

ኅዳር ላይ የቀኝ ክርኑ ውጭኛው ጎን ታመመ። መጀመሪያ ቁልፍ ማዞር አቃተው። ከዚያ የሻይ ብርጭቆ ማንሣት። ከዚያ ሰው መጨበጥ ተወ፤ ሰላም ሲሉት እጁ የቆሸሸ ይመስል አንጓውን ይሰጥ ነበር። ወጌሻ በቅቤ አሸው፤ ባሰበት። የክሊኒኩ ጤና ረዳት የሚቀባ መድኃኒት ሰጠውና፣ «ወይ ኳሱን ወይ መኪናውን ምረጥ፤ ሁለቱንም የሚችል ክንድ የለህም» አለው። በታኅሣሥ ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። ሌላ ሥራ ማለት ዘበኝነት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፤ መኪናውን ካጣ እንጀራውን ያጣል፤ ኳሱን ካጣ ገብረክርስቶስን ያጣል።

መታመሙን ለገብረክርስቶስ አልነገረውም። ታመምኩ ካለ «እንግዲያው ይብቃን» የሚባል መሰለው። «ሥራ በዝቶብኛል» አለው በአንደኛው ሳምንት። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ያንኑ አለው። በዚያው ሰሞን በሠራተኞች የውይይት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ቀያሹ በሳምንት ሁለት ቀን ነጭ ቁምጣ ለብሶ የቡርዧ ጨዋታ ይጫወታል ብሎ ተናግሮ ነበር። ጥሩሰው በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ በወሬ ነው የሰማው። ገብረክርስቶስ ግን ሁለቱን ነገር አገናኘው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግስት፣ ጥሩሰው የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ሆመቾ ወደ እኅቱ ሄደ። ጣቢታ የሰባት ዓመት ታላቁ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን እንሰቷን ይዛ ትኖራለች። ወተት በዋንጫ ሰጠችው። በግራ እጁ ተቀበላት።

«ቀኝህ የት ሄደ?»

«ትንሽ አሞኝ ነው።»

ክንዱን ሳብ አድርጋ ክርኑ ጎን ላይ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ከመቀመጫው ተነሣ። ጣቢታ ሳቀች፤ ሳቋን ልታቆም አልቻለችም።

«ይሄማ የሙሽራ ክርን ነው።»

«የምን?»

«የሙሽራ! አዲስ ያገባች ልጅ እንሰት ስትፍቅ ጉልበቷን አማቷ እንድታይላት መፋቂያውን አንቃ ትይዛለች። ሁለት ወር ሳይሞላት እንዳንተ ሆና ቁጭ ትላለች። ለመሆኑ ማን አገባህ?»

እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ሴቶች በሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይቆምም፤ የሚያልፍ ወንድ ከሩቅ ስሎ፣ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ጥሩሰው የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፣ ከተማ ገብቶ፣ ያ ነውር አብሮት ነበር። ጣቢታ ግን መድኃኒቱ በአፍ የሚነገር አይደለም፤ በእጅ ነው የሚታየው አለች። ማክሰኞ ጥር 15 ጠዋት ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ መሐል ይዛው ገባች። የተገነጠለውን የእንሰት ቅርፊት ወደ ጎን ባዘነበለ ሳንቃ ላይ አስደግፋ፣ በእግሯ ደግፋ፣ የቀርከሃ መፋቂያውን ሰጠችው። ጎረቤቷ ሀዋ ልትረዳ መጥታ አገኘችው።

«ጣቢታ፣ ሠራተኛ ቀጠርሽ?»

«ምራቴ ናት» አለች ጣቢታ ሳትስቅ።

«ጢሟን ብትላጭ ኖሮ ደኅና ነበረች» አለች ሀዋ፤ አጠገቡም ተቀምጣ መፋቅ ጀመረች።

ጥሩሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ሥራቸውን ማየት ጀመረ፤ ማየት ያውቅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ክንዳቸውን አይጠቀሙም ማለት ይቻላል። ሰውነታቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ትከሻቸው ይከተላል፤ ክንድ የትከሻ ተጎታች ነው። ክርናቸው ከጎናቸው አይርቅም። መፋቂያው ሁልጊዜ ከፊታቸው ነው የሚያርፈው፤ ወደ ኋላ ዞረው ምንም አይፍቁም። የመፋቂያቸው እጀታም በቃጫ ተጠቅልሎ ወፍሯል። ጣቢታ መለኪያውን አሳየችው፤ እጀታውን ስትጨብጥ በጣቶችህ ጫፍና በመዳፍህ መካከል የሌላ እጅህ አንድ ጣት ካልገባ ቀጭን ነው፤ ጣትህ ገብቶ ከተንገዋለለ ደግሞ ወፍራም ነው።

ይህን ሁሉ ቶሎ ገባው። እምቢ ያለው ጭብጡ ነበር። መፋቂያው እጁ ሲገባ የጣቶቹ አንጓ ይነጣል።

«አታንቀው» አለች ጣቢታ። «ገበያ ውስጥ የልጅ እጅ እንደምትይዝ አድርገህ ያዘው። እንዳይጠፋብህ ነው የምትይዘው፤ እንዲያለቅስ አይደለም።»

«የልጅ እጅ ይዤ አላውቅም» አለ ጥሩሰው።

ሀዋ መፋቋን አቆመች። ጣቢታ መፋቂያውን ከእጁ ወሰደችና በእንሰት ውሃ የራሰ እጇን መዳፉ ውስጥ አስገባች።

«በል ያዝ።»

ያዘ።

«በዛ።»

ላላ አደረገ።

«አሁንም በዛ።»

ጣቢታ ይህን ለቅሶ ላይ ስትነግረኝ የራሷን እጅ እያየች ነበር። ብዙ ጊዜ እንደዚያ እንደተቀመጡ፣ ሀዋም አንድ ቀልድ እንኳ እንዳልተናገረች ነገረችኝ።

ከዚያ ቀን የሰጠችው ትእዛዝ ይህ ነው፦ «ክንድህ አራስ ነው። አርባ ቀን ኳስ አትንካ። ከባድ አታንሣ። መኪናህን ምታ፣ ግን ዝግ እያልክ፤ እጅህ ከክርንህ በላይ አይሁን።» ጥሩሰው ቆጠረ። አርባኛው ቀን ቅዳሜ የካቲት 24 ይውላል። ሌላ ሰው ቢሆን በሠላሳ አምስተኛው ቀን ይሞክር ነበር፤ ጥሩሰው ግን መስመር ሳያልቅ መኪናውን የማይመልስ ሰው ነው።

ቢሮ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው እኔ ዘንድ መምጣት ነበር።

«እኅት ብርቅዬ፣ የማይፈለግ ወፍራም ጥራዝ አለሽ?»

«የማይፈለግ ጥራዝ መዝገብ ቤት የለም።»

«እንግዲያው የሚፈለግ ስጪኝ፤ ልቀመጥበት ነው።»

ሁለት ጥራዝ የቆየ ነጋሪት ጋዜጣ ሰጠሁት፤ በውሰት መዝገብ ላይ አስፈርሜ። ወንበሩ ከፍ ሲል እጁ ከክርኑ ዝቅ ብሎ መኪናው ላይ ማረፍ ቻለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፍጥነቱ ተመለሰ፤ ስለ መዛወር ያነሣም ሰው አልነበረም። መኪናው ተርፎለታል። የቀረው ኳሱ ነበር።

ኑሪ ዘንድ ሄደ። የብረቱ ራኬት ምቱን ሁሉ ወደ ክንድ እንደሚልክ አሁን ገብቶታል፤ ይዞ የሄደው ለስለስ ያለውን፣ የሚታጠፈውን የእንጨቱን ነው።

«ክሩን አውጣና በአዲስ ጠፍርልኝ» አለው። «ላላ አድርገህ።»

«ምን አልክ?»

«ላላ አድርገህ።»

«ጆሮዬስ ሰምቷል፤ ልቤ ነው ያላመነው። ልል ነገር ከኑሪ እጅ ወጣ ቢባል ነገ ማን አልጋ ያሠራኛል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም አያውቅም።»

«አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አውቃለሁ፤ አላህ ያውቃል። ከሦስታችን አንዱ ያወራል።»

በመጨረሻ ከሱቁ ጓዳ ገብቶ፣ ጀርባውን ለገበያው ሰጥቶ ጠፈረው። እያንዳንዱን ክር ጥርቅም አድርጎ ከሳበው በኋላ እያዘነ ጥቂት ይለቅለት ነበር። እጀታውን በጣቢታ ቃጫ ጠቅልለው በላዩ ስስ ጠፍር አለበሱት። «ይህ የኔ ሥራ ነው ብለህ ለነፍስህም እንዳትነግራት» አለው ኑሪ። ጥሩሰው ቃሉን ጠብቋል። ያወራው ራሱ ኑሪ ነው፤ የጥሩሰው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ እያለቀሰ።

አርባው ቀን እስኪሞላ ያለ ኳስ ይለማመድ ነበር። አመሻሽ ላይ በአጥሬ ክፍተት አየው ነበር። ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ትከሻውን አስቀድሞ አዙሮ፣ ግራ እጁን ለእርዳታ እጀታው ላይ ጨምሮ፣ ከሆዱ ፊት ለፊት ባዶ አየር ይመታል። ይመለሳል። ደግሞ ይመታል። አንዳንዴ የሌላውን ሰው ምት የሚጠብቅ ይመስል ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ፊቴን አዞር ነበር።

ማክሰኞ የካቲት 20 የአንድ ደብዳቤ ግልባጭ እጄ ገባ። ገብረክርስቶስ ወደ ባሌ ተዛውሯል፤ ዓርብ ይነሣል። ፖስታው ላይ «ለግል» የሚል ታትሞበታል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጉዳዩ ባለቤቱ ዘንድ በወግ ሳይደርስ ከመዝገብ ቤት ቃል አይወጣም። ከደረሰ በኋላም ቢሆን ማውራት የባለጉዳዩ ፈንታ ነው። ጥሩሰው ከእኔ ሦስት ሜትር ርቆ፣ ነጋሪት ጋዜጣው ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። ደብዳቤውን መዝግቤ መሳቢያዬ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩት።

ሐሙስ ገብረክርስቶስ ለደብዳቤው ሊፈርም መጣ። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ከጥሩሰው ጋር ተገናኙ። በሩ ክፍት ነበር።

«ደኅና ነህ፣ ጓድ?» አለው ገብረክርስቶስ። ከዚያ በፊት «ጓድ» የሚለውን ቃል ሳይቀልድ ተናግሮት አያውቅም።

«ደኅና ነኝ። ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ሰዓት ትመጣለህ አይደል?»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ። ሥራ የሚበዛብኝ እስከዚያ ድረስ ነው።»

«ሥራህ ቀን ቆጥሮ ነው የሚያልቀው?»

«አዎ» አለ ጥሩሰው፤ ፈገግ ብሎ። ሊነግረው የፈለገው ነገር ከንፈሩ ላይ ይታይ ነበር። እንሰት መሐል መቀመጡን ግን ለወንድ፣ ያውም ለገብረክርስቶስ አፍ፣ እንዴት ይንገር? ቅዳሜ ይናገራል፤ ከጨዋታ በኋላ፤ ካሸነፈ በኋላ።

ገብረክርስቶስ «እንግዲህ ቅዳሜ ሲደርስ እናያለን» ብሎ ሄደ።

አሁን መነሣት፣ ወደ ኮሪደሩ መውጣት፣ «ዓርብ ይሄዳል» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። አልተነሣሁም።

ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥሩሰው ሁለቱንም ራኬት ይዞ ሜዳው ላይ ቆመ። ዐሥራ ሁለት እስኪሆን ጠበቀ። ከዚያ ወደ ገብረክርስቶስ ቤት ሄደ። ዘበኛው፣ «ትናንት በጠዋት በዱራሜ በኩል ወጡ እኮ፤ አልነገሩዎትም?» አለው።

ወደ ሜዳው ተመለሰ። ከአጥሬ ጀርባ ሆኜ የኳሱን ድምፅ ሰማሁ፤ እንደ ድሮው ጥይት የመሰለ ድምፅ አልነበረም፤ ለስላሳ ነበር። ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ግድግዳውን መታ። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ «ክንዴ አላመመኝም» አለኝ። እኔም ከማክሰኞ ጀምሮ አውቅ እንደነበር አልነገርኩትም፤ እስከ መጨረሻውም አልነገርኩትም።

በዚያን ቀን የምሳ ሰዓት ላይ በራሱ ወረቀት ደብዳቤ ጻፈ። የካርቦን ግልባጩ እኔ ዘንድ አለ። እንዲህ ይላል፦

«ሥራ በዛብኝ ያልኩህ ውሸት ነው። የታመምኩት ክርኔን ነው፤ እኛ ዘንድ የሙሽራ ክርን ይባላል። ያዳነችኝ እኅቴ ናት፤ ያዳነችኝም እንሰት እያስፋቀች ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኩህ። አንተም ዓምና ክርንህን ስታሽ አይቼሃለሁ። ስለዚህ እጀታህን በጣት ለካው፤ ክሩን አስላላው፤ የሞተ ኳስ አትምታ፤ በግራህ ለሚመጣው ኳስ ትከሻህን ቀድመህ አዙር፤ ከሆድህ ፊት አግኘው። ጭብጡን ስለ ማላላት ግን በጽሑፍ ማስረዳት አልቻልኩም። ይህ ሰው በሰው እጅ ላይ የሚያሳየው ነገር ነው።»

መልሱ የመጣው በኅዳር 1977 ነው፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። «ፈርተህ የራቅኸኝ መስሎኝ ነበር» ይላል። «የምሄድበትን ቀን አውቀህ በማግስቱ የቀጠርከኝ መስሎኝ በንዴት ሳልሰናበትህ ወጣሁ። ደብዳቤህን ሳነብ የሙሽራ ክርን የሚለው ላይ ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን አልሳቅሁም። እዚህ ሜዳ የለም፤ ግድግዳውም ሁሉ ጭቃ ነው፤ ኳስ አይመልስም። እጀታውን ግን ጠቅልዬዋለሁ። አንዳንዴ ዝም ብዬ እይዘዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልተጻጻፉም። ጥሩሰው ረቡዕና ቅዳሜ ወደ ግድግዳው መሄዱን አላቋረጠም፤ ወደ አምስት ዓመት ገደማ። ሁልጊዜ የሚወጣው ሁለት ራኬት ይዞ ነበር። አንዱን ከመጋዘኑ በር አጠገብ ያስደግፍና በሌላው ይጫወታል።

በ1978 አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ሲል ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ፣ «እኅት ብርቅዬ፣ እስቲ ቀኝ እጅሽን» አለኝ። ዘረጋሁለት። በቃጫ ክር ከመዳፌ መሐል እስከ ቀለበት ጣቴ ጫፍ ለካና ክሩን ቋጠረው።

«ቀለበት ልትገዛልኝ ነው?» አልኩት።

«ቀለበት አልገዛም» አለ፤ ጆሮው ቀላ። «ቅዳሜ ትሞክሪያለሽ? ማስተማር እችላለሁ። እጅ እንዳያምም አድርጌ።»

«አንተ ደግሞ! ሴት ሆኜ፣ ከአንተ ጋር፣ ሜዳ ላይ? ሰው ምን ይላል?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

የሞተው በታይፎይድ ነው፤ በታመመ በዘጠነኛው ቀን። ከሠልስቱ በኋላ ጣቢታ ቤቱን ስታጸዳ ልረዳት ሄድኩ። ያለው ዕቃ ጥቂት ነበር። አልጋው ሥር ሁለቱን ራኬቶች በጨርቅ ተጠቅልለው አገኘናቸው። የብረቱም ክር እንደ እንጨቱ ላልቷል፤ እጀታውም በቃጫና በጠፍር ተጠቅልሏል። ጣቢታ የብረቱን አንሥታ ጨበጠችውና ግንባሯን ቋጠረች።

«ይቺ የእሱ ልክ አይደለችም» አለች። «ለትንሽ እጅ ነው የጠቀለላት። የማን እጅ ናት?»

ተቀበልኳት። በቀኝ እጄ እጀታውን ጨብጬ የግራ ሌባ ጣቴን በጣቶቼ ጫፍና በመዳፌ መካከል አስገባሁ። ገባ፤ አልተንገዋለለም።

ጣቢታ እጄን አየች። የጣቶቼ አንጓ ነጥቶ ነበር።

«በዛ» አለችኝ።

ላላ አደረግሁት።